ዱላው ካልመጣ

መቆም አልችልም። ልጅ ሆኜ ስብከት ሲረዝም እናቴ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ነበር የምታስቀምጠኝ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ ሹሩባ እየፈታሁ ስንቴ አንበርክከውኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣ ብሎኝ መንገድ ሥራ ስቀጠር የሰጡኝ ሥራ ምን ነበር? መቆም።

ባንዲራ ያዥ ነኝ። በአንድ እጄ ቀይ ጨርቅ፣ በሌላው አረንጓዴ። ቀዩን ሳነሳ ይቆማሉ፣ አረንጓዴውን ሳነሳ ይሄዳሉ። ሁሉም ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ።

ያኔ የምንጠግነው ከነቀምቴ ወደ ሲሬ የሚወስደውን መንገድ አንድ ቁራጭ ነበር። ዝናቡ አስፋልቱን ከሥሩ በልቶት ስለነበር መንገዱን በቁመቱ ለሁለት ከፍለን ግማሹን ቆፈርነው፣ ግማሹን ለመኪና ተውነው። በተተወው ግማሽ ላይ ሁለት መኪና አይተላለፍም። መሐሉ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ይታጠፋል፤ በዚህኛው ጫፍ የቆመ ሰው ያኛውን ጫፍ አያይም። ስልክ እንዳይደወል እዚያ ረባዳ ቦታ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ዱላ ነበረን። ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ቅርፊቱ የተላጠ የባሕር ዛፍ ዱላ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት። አንድ ብቻ ነው። በነቀምቴ በኩል እኔ እቆማለሁ፣ በሲሬ በኩል አዳዳ። አዳዳ ስሟ አይደለም፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው፣ የቡድናችን ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል። እኔ የያዝኳቸውን መኪናዎች ስለቅ ዱላውን ለመጨረሻው ሾፌር በመስኮት አቀብለዋለሁ። እሱ ይሻገርና ለአዳዳ ይሰጣታል። ዱላው እጇ ሲገባ መንገዱ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፣ የራሷን ትለቃለች፣ የመጨረሻው ዱላውን ለእኔ ይዞ ይመጣል። ዱላው ካልመጣ መኪና አይለቀቅም። ይህን ሕግ ያወጣው ፎርማናችን ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ አውቶቡስና አንድ ተሳቢ ታጠፊያው ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኝተው፣ ማን ወደ ኋላ ይሂድ በሚል ሲሰዳደቡ ውለዋል።

ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው ምን እንደሚሰማ የማያውቅ ካለ መጥቶ ይቁምልኝ። ሾፌር በመንግሥት የተናደደውን ሁሉ ለእኔ ነው የሚናገረው። ሚኒስትሩን አያገኘውም፣ እኔን ያገኘኛል። እንዲያውም የሚኒስትርነቱን ሹመት የሰጠኝ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከጊዳ አያና በቆሎ እየጫነ፣ በነቀምቴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል።

«ክብርት ሚኒስትር፣ ዛሬስ ያሳልፉናል?»

«ተራህ ሲደርስ።»

«ቦሎ ስናሳድስ ለመንገድ ይባላል፣ ነዳጅ ስንቀዳ ለመንገድ ይባላል። መንገዱ የታለ?»

«እየረገጥከው ነው።»

«ይሄ? ይሄማ የዓሣ ኩሬ ነው።»

«እንግዲያው ዓሣ ግዛና ጨምርበት።»

ሌላ ሰው ቢሆን አልታገሠውም። እሱን የምታገሠው ከዚያ ስለሚመጣ ነው። የተወለድኩት ጊዳ አያና ውስጥ ነው። አያቶቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጃፍ ወጥተን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛ እየተናገርን ነው ያደግነው። ግጭቱ ሲመጣ ወጣን። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን፤ አባቴ እስከ ዛሬ ዝናብ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ በር ላይ ይቆማል፣ የማይደርስበትን ማሳ እያሰበ። እኔም ሾፌሩን ስለ ጊዳ መንገድ እጠይቀዋለሁ።

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«ከድልድዩ ወዲያ ብሶበታል። ግሬደር ይፈልጋል፣ ሮለር ይፈልጋል። ያለዚያ እኔም ማቆሜ ነው።»

ግሬደርና ሮለር። ይህን በሰማሁ ቁጥር እግሬ አልቆም ይላል። መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ማሽን ነው። ባንዲራ ያዥን ወደ ጊዳ ቀድሞ የሚልክ የለም። ስለዚህ ሮለር ላይ መውጣት ፈለግኩ፤ ረዳት ኦፕሬተር መሆን፣ ቀጥሎ ኦፕሬተር። ከዚያ በላይ ምንም አልፈለግኩም።

ችግሩ በእኛ ቡድን ሴት ወይ ባንዲራ ትይዛለች፣ ወይ ጠጠር ትለቅማለች፣ ወይ ለሠራተኛው ወጥ ትሠራለች። ማሽን ላይ የምትወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ከላይ መሥሪያ ቤት ሰው መጣ ሲባል ከመካከላችን አንዷ ተጠርታ ሄልሜት ይደረግላታል፣ ሮለሩ ላይ ወጥታ መሪውን ትይዛለች፣ ፎቶ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። ሞተሩ እንኳን አይነሣም። ከዚያ ወደ ጠጠሯ።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። ልክ እንደ መንገዱ ነው፤ ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ዝግ። አንድ ጠዋት ወደ እኔ መጥቶ፣ «ኢንተሎ፣» አለኝ፣ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው፣ «ከየቡድኑ አንድ ሴት ለኦፕሬተርነት ሥልጠና ይላክ ተብሏል።»

«ማን ትሄዳለች?»

«እንግዶች ይመጣሉ። አይተው ይመርጣሉ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ መገኘቱን አመስግኚ።»

ለወንዶቹ አንድ ቦታ ተብሎ አያውቅም። የሚሄድ ይሄዳል፣ በቃ። ለእኛ አንድ ወንበር ይወረወርልንና እርስ በርስ እንተያያለን። ይህን ለፎርማኑ እዚያው ነገርኩት። «ምላስሽን ለእንግዶቹ እንዳታሳያቸው» ብሎኝ ሄደ። ሄድ ካለ በኋላ ዞሮ፣ «ነገ ነው የሚመጡት፤ ልብስሽን እጠቢ» አለ።

ነገ የተባሉት እንግዶች ያን ዕለት ከሰዓት መጡ።

እኔ ምን አውቄ! የያዝኳቸውን መኪናዎች ስለቅ መጨረሻ ላይ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቀረ። ታርጋው የመንግሥት ነው፣ መስኮቱ ጥቁር ነው። የመንግሥት መኪና ደግሞ በቀን ስንቱ ያልፋል። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ዱላውን አቀበልኩት፣ «ለወዲያኛዋ ሴትዮ ስጣት» አልኩት። ከኋላ ከተቀመጡት ጋር እያወራ ነበር፤ በአገጩ እሺ አለኝ። የእኛ የሥራ መኪናዎች ቢሆኑ ኖሮ ዱላ አልሰጥም ነበር፤ መሐል ላይ እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ይኼ ግን ወደ ሲሬ የሚያልፍ መሰለኝ።

ጠበቅኩ። ከወዲያ በኩል መኪና መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ፤ የነቀምቴ ሚኒባሶች፣ ቡና የጫነ ተሳቢ፣ ባጃጅ እንኳን ሳይቀር ተሰልፏል። የመጀመሪያው ያ የበቆሎ አይሱዙ ነው። ሾፌሮቹ ክላክስ ማጮህ ጀመሩ። ታጠፊያውን እያየሁ በአንድ እግሬ፣ ቀጥሎ በሌላው መቆም ጀመርኩ። ባዶ መንገድ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ መኪና አለመልቀቅ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁሉም ያያል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ግን አዳዳ ለቅቃ ከሆነስ? ታጠፊያው ላይ ሚኒባስና ተሳቢ ቢገናኙስ?

በዚህ መሐል አንዱ የቀን ሠራተኛ ከረባዳው እየሮጠ መጣ።

«ፎርማኑ ይጠራሻል! እንግዶች መጥተዋል። ሮለር ላይ ወጥተሽ ፎቶ ትነሺያለሽ።»

«በምን መጡ?»

«በነጭ መኪና። ሮለሩ ጎን አቁመው ሥራውን እያዩ ነው።»

ዱላው እነሱ ጋ ነው። እኔም አዳዳም የቆምነው ዱላው መሐል ላይ ተቀምጦ ነው።

ልሮጥ አሰብኩ፤ ግን እግሬን እንዳነሣሁ ይህ ሁሉ ሰልፍ ሰብሮ ይገባል። ባንዲራዬን ለቀን ሠራተኛው ብሰጠው አንድ ሾፌር ሲጮህበት ይለቅላቸዋል። ዞሬ ወደ አይሱዙው ሄድኩ።

«መኪናህን አግድመህ አቁምና ቁልፉን ስጠኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ቁልፉን!»

«የቦሎውን ወሰዳችሁ፣ የነዳጁን ወሰዳችሁ፣ አሁን ቁልፉ ቀራችሁ?» ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ፣ «መኪናውንም ጨምርላት!» አለ።

«ዱላው መሐል ላይ ቀርቷል። ካላመጣሁት እዚህ ነው የምናድረው። አንተ ከዘጋህላቸው ማንም አይገባም።»

አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ነው ያየኝ። መሪውን ጠምዝዞ መኪናውን በመንገዱ ወርድ አቆመና ቁልፉን በመስኮት ወረወረልኝ። «ክብርት ሚኒስትር፣ ከጠፋ መንግሥትን ነው የምከስሰው» አለኝ።

ሮጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከተቀጠርኩ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሮለሩ ቆሟል። አጠገቡ ነጩ መኪና። ፎርማኑ፣ ከሴቶች ጉዳይ ቢሮ የመጣች መነጽር ያደረገች ሴት፣ ፎቶ የሚያነሣ ወጣት፣ መሐላቸው ደግሞ ሰፋ ያለ ሰውዬ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በዱላዬ ተደግፎ ጭቃው ላይ ቆሟል። አልፎ አልፎ ከጭቃው ይነቅለውና ለውሃ የምንቀብረውን ቱቦ ያሳይበታል። «የመንገድ ገቢያችን የት እንደሚገባ ሕዝቡ በዓይኑ ሊያይ ይገባል» እያለ ነው።

«ዱላውን ይስጡኝ» አልኩ።

«የቱን?»

«የተደገፉትን።»

ፎርማኑ በዓይኑ ሊውጠኝ ደረሰ። ሰውየው ዱላውን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሾፌሩ ነው የሰጠኝ፣ ጭቃው ያንሸራትታል ብሎ...»

«ሁለቱም ጫፍ የቆመው እሱን እየጠበቀ ነው። ክላክሱ አይሰማዎትም?»

ለካ ይሰማው ነበር። ለእሱ የተደረገ አቀባበል መስሎት እንደሆነ እንጃ። ዱላውን ሰጠኝ፣ ሲሰጠኝ አንድ እግሩ ሰመጠ፣ የፎርማኑን ትከሻ ያዘ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ከዚያ ወደ አዳዳ መሮጥ ነበረብኝ። ሴትዮዋ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ! እስኪ ሮለሩ ላይ ውጪ፣ ዱላሽን እንደያዝሽ።» ፎርማኑ በጆሮዬ፣ «ውጪ። ሥልጠናውን ትፈልጊ የለ?» አለኝ።

ወጣሁ። ወንበሩ ከፀሐዩ የተነሣ ይፋጃል። መሪውን በአንድ እጄ፣ ዱላውን በአንድ እጄ ያዝኩ። ከላይ ሆኜ መንገዱ ሌላ መንገድ መሰለኝ፤ እስከ ታጠፊያው ወዲያ ይታያል። ወጣቱ «ትንሽ ፈገግ» አለኝ፣ ፈገግ አልኩ። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ፣ ደግሜ ፈገግ አልኩ። ከሁለቱም በኩል ክላክስ ይጮሃል፣ እኔ ዱላውን ይዤ ፈገግ እላለሁ።

ሲጨርሱ እነሱ ወደ ሲሬ የሚቀጥሉ ሆኑ። ዱላውን መልሼ ሰጠኋቸው፤ ለሾፌሩ ሳይሆን ለሴትዮዋ። «እዚያ ጫፍ ላይ ለቆመችው ሴት በእጅዎ ይስጧት» አልኳት። ተመልሼም ለባለ አይሱዙው ቁልፉን ሰጠሁት፣ መኪናውን ጥግ አስያዘ። የአዳዳ መኪናዎች ሲመጡ አሳለፍኩ። መጨረሻ ላይ ዱላው መጣ፣ ባለ አይሱዙውን ለቀቅኩት። ሲያልፍ ክላክሱን አጭር አድርጎ መታልኝ።

እዚያኛው ጫፍ ምን እንደሆነ የሰማሁት ከሰዉ ነው። ሾፌሮቹ አዳዳን ከበው ጮኸውባታል። ፎርማኑ ራሱ፣ እንግዶቹ ጩኸት እንዳይሰሙ ብሎ፣ ሰው ልኮ «ልቀቂያቸው» አስብሏታል። «ዱላው ካልመጣ» ብላ መንገዱ መሐል ቁጭ አለች። አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ የመኪናውን የፊት ፓራውልት ጉልበቷ ድረስ አስጠግቶባታል፤ መቀነቷን አጠበቀች እንጂ አልተነሣችም አሉ። ባለመነጽሯ ሴት ስትደርስ ያገኘቻት እንደዚያ ተቀምጣ ነው። ዱላውን ስትሰጣት አዳዳ ተቀብላ፣ «ጋላቶሚ» ብላ አመስግና፣ ቀሚሷን አራግፋ አረንጓዴውን አነሣች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፎርማኑ ሰበሰበንና ማን እንደምትሄድ ተናገረ። አዳዳ ናት።

«ምን?» አልኩ ከሰው ሁሉ ፊት። «ፎቶ የተነሣሁት እኔ አይደለሁ?»

«ፎቶው ቢሮ ተሰቅሏል፣ ደስ ይበልሽ። እንግዳዋ የመረጡት ያቺን ከቦታዋ ያልተነቃነቀችውን ነው። አንቺ ቦታሽን ለቀሽ ሄድሽ።»

«ዱላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

«ዱላውን የሰጠሻቸውስ አንቺ አይደለሽ?»

ይህን ትቼ ሌላ ቀዳዳ ፈለግኩ።

«ትምህርቷስ?» አልኩ።

«አሥረኛ ጨርሳለች። ለሥልጠናው ይበቃል።»

ሁለት ክረምት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ሥራ ሲያልቅ በተቆፈረው ጎን አድርጌ ወደ እሷ ጫፍ ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትፍቃለች።

«አዳዳ፣ አንቺ ሮለር ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ሌላ መግቢያ አልፈለግኩለትም። «እኔ ነኝ መቆም የማልችለው። አንቺ ትችዪበታለሽ።»

ቀና አለች። «እችልበታለሁ ያለሽ ማን ነው?»

«አንድ ቀን አማርረሽ አታውቂማ።»

«ያላማረረ ሁሉ ወዶ ነው?» ጫማዋን ጣለችው። «ማታ ልጆቼ ናቸው እግሬን በሞቀ ውሃ የሚያሹልኝ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ከተነሣሁ ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ ጉሊት ቆሜያለሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜያለሁ፣ እዚህ ቆሜያለሁ። የደከመሽ አንቺ ብቻ መሰለሽ? አንቺ ስትጮኺ ይሰማል፣ እኔ ስለማልጮህ የሮለር ወንበር አይመቸኝም?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልትለምኚኝ ነው የመጣሽው» አለች። «እስኪ ለምኚኝ።»

«ስጪኝ።»

«አልሰጥሽም።»

እንዲህ ጥርት አድርጎ እምቢ ያለኝ ሰው የለም። ተናድጄ ተነሣሁ፣ ትንሽ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። እሷ ጫማዋን አንሥታ መፋቋን ቀጠለች። «ኢንተሎ፣» አለችኝ ከኋላዬ፣ «አንድ ወንበር አምጥተው እኔንና አንቺን ያፋጁን እነሱ ናቸው። ወደ እነሱ ጩኺ። ድምፅ እንደሆነ አላነሰሽም።»

ጮኽኩ። ባለመነጽሯ ሴት ጋ ነቀምቴ ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የራሴ ፎቶ ሥር ቆሜ፣ «እዚህ ላይ ሞተሩ ጠፍቷል» አልኳት። በመነጽሯ ፎቶውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ለሚቀጥለው እናይልሻለን» አለች። እናያለን የሚባል ቃል አልወድም። ቢሆንም በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ጥበቃው አሁን ሳይጠይቀኝ ነው በር የሚከፍትልኝ።

አዳዳ ከሥልጠና የተመለሰችው መስከረም ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ረዳት ኦፕሬተር ናት። በእሷ ቦታ አዲስ ልጅ ቆማለች፤ ዱላውን ለማን እንደምትሰጥ አስረድቻታለሁ፣ ለመንግሥት መኪና እንዳትሰጥም ጭምር። ሾፌሮቹ ሮለሩ ላይ አዳዳን ሲያዩ መጀመሪያ ፎቶ የምትነሣ ይመስላቸዋል፣ ከዚያ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ አፋቸውን ይይዛሉ። ባለ አይሱዙው፣ «ክብርት ሚኒስትር፣ ሥልጣን ቀሙሽ?» አለኝ። «መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። «እንዳለ ነው። እየጠበቀሽ ነው» አለኝ።

ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ የመጨረሻው የሚሻገረው ሮለሩ ነው። ዱላውን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ትናንት ከላይ ሆና አቀበለችኝና፣ «ኮቱ፣ ነይ ውጪ፣ ካምፕ ድረስ እወስድሻለሁ» አለችኝ።

«የማልነዳው ከሆነ አልወጣም።»

«እንግዲያው በእግርሽ ነይ።»

ሣቀችብኝ። ከሮለሩ ጎን ጎን መራመድ ጀመርኩ። ስለ ማርሹ ጠየቅኳት፣ ስለ ፍሬኑ ጠየቅኳት፣ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቅኳት፤ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸች ትነግረኛለች። ግን ሮለር ሲባል ቀርፋፋ ነገር ነው። ሳላስበው እቀድማታለሁ። ድምፅዋ ሲርቅብኝ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ስትደርስብኝ ጥያቄዬን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፣ መልሳ ሳትጨርስ ደግሞ ቀድሜያት እገኛለሁ።

«ይህን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ ከላይ። «ከአንቺ እርምጃ የሚዘገየውን?»

«ይህን ነው» አልኳት፣ ቆሜ እየጠበቅኳት።